ኮምፒውተሩ ሲጮህ ማን ይሰማል? የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ታሪክ ከጅማ ሲታይ

እስቲ አንድ ሰው አስቡ። አጋሮ አጠገብ የቡና ማሳ ያለው ገበሬ ነው እንበል። አስም ስላለበት ቴኦፊሊን የሚባል ኪኒን ለዓመታት ሲወስድ ኖሯል። ለቀማው በተፋፋመበት ሰሞን ትኩሳትና ተቅማጥ ያዘውና ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘለት፤ በተለምዶ ሲፕሮ የምንለው ነው። መድኃኒቱ ለበሽታው የሚሆን ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ልቡ እየደለቀ፣ እያስመለሰውና እጁ እየተንቀጠቀጠ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ። ምን ነካው?

ጉበታችን ውስጥ ቴኦፊሊንን እየሰባበረ የሚያስወግድ ኢንዛይም አለ። ሲፕሮ ደግሞ ይህን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ስለዚህ ገበሬው ልክ እንደ ወትሮው አንድ ኪኒን እየዋጠ ቢሆንም፣ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው እየተጨመረበት ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ቴኦፊሊን ሲበዛ ልብን ያፈጥናል፣ ከባሰም ያንቀጠቅጣል፤ የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ለአጋሮ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የቡናው ካፌይን የቴኦፊሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሚወገደውም በዚያው ኢንዛይም ነው። ሲፕሮ የሚወስድ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሶ ሲነሣ ካፌይኑ ከለመደው በላይ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል።

ገበሬውን ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። የሁለቱ መድኃኒቶች ግጭት ግን በፋርማኮሎጂ መጻሕፍት በሰፊው የታወቀ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር በሰከንድ ሊያውቅ ይችላል። ታዲያ ሐኪሙ ሲያዝ «ቆይ፣ እነዚህ ሁለቱ ይጋጫሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብንገጥምለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው? እኔም በምህንድስና የሠለጠንኩ ስለሆንኩ የመጀመሪያ ሐሳቤ «አዎ፣ ሶፍትዌር ነው የጎደለው» የሚል ነው። የሃምሳ ዓመቱ ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ፣ ስህተቱ ምን ዓይነት ነው?

ጅማ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ናት። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው ወታደሮች ማከሚያ የተከፈተ፣ በሀገሪቱ ካሉት አንጋፋ የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ዛሬ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቦንጋና ከበደሌ አቅጣጫ በሪፈር የሚላክ ሕመምተኛ የሚያርፍበት ነው። ከዚህም አልፎ፣ እዚህ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የራሳቸውን ሆስፒታል ስህተት ቆጥረው አሳትመዋል። ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን የመድኃኒት ትእዛዞች አንድ በአንድ ከሕክምና መመሪያዎች ጋር አመሳከሩ። ከ398ቱ ትእዛዞች 209ኙ፣ ማለትም 52.5 በመቶው፣ አንድ ዓይነት ስህተት ተገኘባቸው። ዋና ዋናዎቹ የማይስማሙ መድኃኒቶችን አንድ ላይ ማዘዝ (25.7 በመቶ)፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ማሳሳት (15.5 በመቶ) እና የመጠን ስህተት (15.1 በመቶ) ነበሩ። ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ። ስህተት ማለት ሁልጊዜ ጉዳት ማለት አይደለም፤ ብዙው ሕመምተኛውን ሳይነካ ያልፋል። ሌላ ቦታም ቢሆን በዚህ ጥንቃቄ የሚፈልግ ብዙ ያገኛል።

ሦስቱን ቁጥሮች ደምሯቸው። 56.3 በመቶ ይሆናሉ። እነዚህ ሦስቱም ኮምፒውተር ሊይዛቸው የሚችሉ ዓይነት ስህተቶች ናቸው፤ ግጭት፣ ድግግሞሽና መጠን በሰንጠረዥ ሊጻፉ ይችላሉና። እስካሁን ሶፍትዌሩ እየረታ ነው።

በተከታዩ ዓመት ግን ከዚያው ክፍል ሁለተኛ ጥናት ወጣ። ይህኛው የሚመለከተው የታዘዘው መድኃኒት ለሕመምተኛው እንዴት እንደተሰጠ ነው። ከ1200 ያህል ጊዜ ውስጥ በ621ዱ፣ በ51.8 በመቶው፣ ስህተት ታየ። አሁን ዓይነቶቹን ተመልከቱ፦ ያለ ሰዓቱ መስጠት 30.3 በመቶ፣ መድኃኒቱ ስለሌለ መቅረት 29 በመቶ፣ ሳይሰጥ መዘለል 18.3 በመቶ። ለሌለ መድኃኒት የትኛው ማንቂያ ይጮኻል? ቢጮህስ ምን ይፈይዳል? እዚህ ላይ የጎደለው አቅርቦትና የሰው እጅ ነው። ማስጠንቀቂያ ከመሥራታችን በፊት የትኛውን ስህተት እንደምናድን መለየት አለብን የሚለው ትምህርት ከራሳችን ቁጥር ይወጣል።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የሚታተመው ፋርማሲ ውስጥ ነበር

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ሐሳቡ ወደተወለደበት ወደ አሜሪካ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታንሊ ኮኸን የሚባል ሐኪምና ተመራማሪ ሜዲፎር የተባለ ሥርዓት ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። ስሙን ባዮሎጂ የተማራችሁ ታውቁት ይሆናል፤ በዚያው ሰሞን ዘረመልን ቆርጦ በመቀጠል ታሪክ የሠራው ሰው ነው። ሜዲፎር ማዘዣው ፋርማሲ ደርሶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሕመምተኛው ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያነጻጽራል፤ ግጭት ካገኘ ወረቀት ያትማል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን የሚያየው ፋርማሲስቱ ነው። እሱ አንብቦ፣ አመዛዝኖ ነው ነገሩ ወደ ሐኪሙ የሚሄደው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ክሌመንት ማክዶናልድ የተባለ ሐኪም ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የሠራውን ሙከራ አሳተመ። ሐኪሞች ኮምፒውተር ሲያስታውሳቸው ሊደረግ ከሚገባው ነገር 51 በመቶውን አደረጉ፤ ሳያስታውሳቸው ግን 22 በመቶውን ብቻ። የሚገርመው፣ ማስታወሻው ሲነሣባቸው እነዚያው ሐኪሞች ወደ ነበሩበት መመለሳቸው ነው። ማክዶናልድ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ዛሬም ይሠራል፦ ሐኪሙ የሚዘለው ስለማያውቅ አይደለም፤ የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው መረጃ ልክ ስላለው ነው። ሰነፍ ተማሪን ስለመገሠጽ አይደለም የምናወራው። ጎበዙም ይዘለዋል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ከፋርማሲ ወጥቶ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ መጣ። ሐኪሙ በወረቀት መጻፉን ትቶ በቁልፍ ሰሌዳ ማዘዝ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቦስተን ከሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል የወጣ ጥናት በዚህ አሠራር ከባድ የመድኃኒት ስህተቶች 55 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። የምስራቹ ዓለምን አዳረሰ። ማስጠንቀቂያው አሁን የሚታየው ለሐኪሙ ነው፤ በቀጥታ፣ ሥራው መሐል፣ ማያ ገጹ ላይ ዘሎ።

ጩኸቱ ሲበዛ

ችግሩም የተከተለው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ሐኪሞች ከማስጠንቀቂያዎቹ ከ49 እስከ 96 በመቶውን እየዘጉ እንደሚያልፏቸው ደረሱበት። ቸልተኞች ስለሆኑ ነው? እስቲ ፍርዱን ከመስጠታችሁ በፊት የድንገተኛ ክፍልን ቁጥር ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በድንገተኛ ክፍል ስለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች የሚወጡ ማስጠንቀቂያዎችን መረመረ። አንድ ጉዳት ለመከላከል ከ120 በላይ የማያስፈልጉ ማስጠንቀቂያዎች ይወጡ ነበር። ሐኪሙ 120 ጊዜ «ዝጋ» የሚለውን ቢጫን እጁ ራሱ ይለምደዋል። ተኩላ መጣ እያለ ሲያታልል የኖረውን እረኛ ተረት ታስታውሳላችሁ? እዚህ ደግሞ እረኛው አልዋሸም፤ ውሻ ሲያይም፣ ጥላ ሲያይም፣ ተኩላ ሲያይም እኩል ይጮኻል እንጂ።

መሐንዲሶች ይህን በሽታ ከሆስፒታል ውጭ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአሜሪካ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች አንድ ላይ ጮኹ። ተቆጣጣሪዎቹ ዋናውን ከተራው የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ማንቂያ ሲበዛ መረጃ መሆኑ ይቀርና ጫጫታ ይሆናል።

ጫጫታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ፣ በቴክኖሎጂ የተደራጀ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ነው። መድኃኒቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ኮትሪሞክሳዞል፣ በእኛ አገር ባክትሪም እየተባለ የሚጠራው። ሐኪሟ ለ16 ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ ልታዝለት ፈለገች፤ አንዱ ፍሬ ከሁለቱ ንጥረ ነገሮች የአንዱን 160 ሚሊ ግራም ይይዛል። «160» ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ግን የተዘጋጀው ለሚሊ ግራም ሳይሆን ለሚሊ ግራም በኪሎ ነበር። ኮምፒውተሩ 160ን በልጁ ክብደት፣ በ38.6 ኪሎ፣ አባዛው። ውጤቱ 38 ተኩል ፍሬ ሆነ።

ኮምፒውተሩ ዝም አላለም፤ መጠኑ አልፏል ብሎ አስጠነቀቀ። ሐኪሟ ዘጋችው። ፋርማሲስቱም ዘጋው። ማስጠንቀቂያው ቀን ሙሉ ሲዘጓቸው ከዋሉት ምንም የተለየ መልክ አልነበረውም። ከዚያ ሮቦት ፍሬዎቹን ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ ብዛቱ ገርሟት ነበር፤ የባርኮድ ማንበቢያው ግን «ልክ ነው» አላት፤ ከታዘዘው ጋር አንድ ነውና። ልጁ 38 ተኩሉን ዋጠ። አንቀጠቀጠው፣ ራሱን ሳተ፤ ደግነቱ ተረፈ። የነርሷን ጥርጣሬ ማሽኑ አስተኛው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

በሩን ብንቆልፈውስ?

«እንግዲያው እንዳይዘጉት እንቆልፈው!» የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ከዚሁ ከኮትሪሞክሳዞል ጋር እንዳይታዘዝ ኮምፒውተሩን አስቆለፉት። ሐኪሙ እሺ ብሎ ማለፍ አይችልም ማለት ይቻላል። መቆለፉ በእርግጥም ሠራ፤ ትእዛዞቹ ቀነሱ። ነገር ግን አራት ሕመምተኞች የግድ ያስፈልጋቸው የነበረው ሕክምና ዘገየባቸው፤ ሙከራው ጊዜው ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ይህ በዋርድ ነው። ደቂቃ በሚቆጠርበት ድንገተኛ ክፍል የተቆለፈ በር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ጅማ ላይ ማስጠንቀቂያው እግር ነበረው

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲስቶችን ከመድኃኒት መስኮቱ ጀርባ አውጥቶ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ በማቆም በሀገሪቱ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ይህ ነው፦ ፋርማሲስቱ ጠዋት ራውንድ ላይ ከሐኪሞቹ ጋር ይዞራል፣ ካርዱን ያነባል፣ ሕመምተኛውን «ቤት ምን ትወስዱ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፣ የማይስማማውን ያነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ አገልግሎት ምን እንዳደረገ ተመዘገበ። ለ48 ሕመምተኞች 149 ጣልቃ ገብነቶች ተቆጠሩ። ብዙዎቹ ከማያስፈልግ መድኃኒት፣ ከሚያስፈልግና ከተረሳ መድኃኒት፣ እንዲሁም ሕመምተኛው በትክክል ካለመውሰዱ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ከሐሳቦቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ 68.4 በመቶው፣ ተቀባይነት አገኙ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ሐኪም የማሽኑን ማስጠንቀቂያ ቢያንስ ግማሹን ያህል ይዘጋል፤ የፋርማሲስቱን ሁለት ሦስተኛ ይቀበላል። ቦታውም ዘመኑም ስለሚለያይ እንደ ሩጫ ውጤት ማወዳደር አይገባም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ግን መገመት አይከብድም። ፋርማሲስቱ ከመናገሩ በፊት ያጣራል። ሕመምተኛውን አይቶታል። «ይህን ተወው» ብቻ ብሎ አይሄድም፤ «በዚህ ቀይረው፣ እሱ ፋርማሲ ውስጥ አለ» ይላል። በመቶ ሃያ ነገር አይጨቀጭቅም፤ አንዱን መርጦ ይናገራል። ስታንፎርድ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ያደርገው የነበረውም ይኸው ነበር፦ በሰው በኩል ያልፍ ነበር። በኋላ ለፍጥነት ብለን ያንን ሰው ከመሐል አወጣነው፤ አብሮት ማጣራቱም ወጣ።

ነገር ግን ይህም ልክ አለው። ፋርማሲስት ይተኛል፤ ድንገተኛ ክፍል አይተኛም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሊሙ የመጣውን ሕመምተኛ የሚያየው ራውንድ የለም። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገን ለዚህች ሰዓት ነው።

ታዲያ ምን እንሥራ?

ይህን ከምታነቡት መሐል ሶፍትዌር የምትጽፉ፣ ነገ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የምትሆኑ አላችሁ። ከታሪኩ የሚወጡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያውም ትሪያጅ ይደረግ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ሕመምተኞች በቀይ፣ በብርቱካናማ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይለያሉ፤ ጣቱን የተቆረጠና ልቡ የቆመ እኩል አይሰለፉም። ማስጠንቀቂያዎችስ ለምን እኩል ይሰለፋሉ? እ.ኤ.አ. በ2009 ቦስተን ውስጥ ሁለት ሆስፒታሎችን ያወዳደረ ጥናት አንድ ዓይነት የመድኃኒት ግጭት መረጃ ይዞ ነበር። በክብደታቸው ለይቶ በሚያሳየው ሆስፒታል እጅግ አደገኛ የሆኑት ሁሉም ተከበሩ፤ ሁሉንም በአንድ መልክ በሚያሳየው ሆስፒታል ግን 34 በመቶው ብቻ። እርግጥ በመጀመሪያው ሆስፒታል ቀዮቹ የተቆለፉ ነበሩ፤ ስለዚህ 100 በመቶው አያስገርምም። የሚገርመው መካከለኞቹም መሻሻላቸው ነው፦ 29 በመቶ ከ10 በመቶ። ጫጫታው ሲቀንስ ጆሮ ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ከመናገሩ በፊት ይወቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? የሕፃኑን ኪሎ፣ የሕመምተኛውን አለርጂና ቤት የሚወስደውን መድኃኒት የማያውቅ ኮምፒውተር ያለ ዕውቀት ጥምጥም የጠመጠመ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ያስተዋወቀው ስማርትኬርና መሰል የኤሌክትሮኒክ ካርዶች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ ሳይሟላ ማንቂያ መግጠም ውኃ ሳይቀዱ ቧንቧ እንደመክፈት ነው። ስለዚህ ገና ስትነድፉ ሚዛኑ ከአልጋው አጠገብ የት እንደሚቀመጥና ቁጥሩን ማን እንደሚያስገባ አብራችሁ አስቡ። የሳን ፍራንሲስኮው ልጅ ኪሎ ተመዝግቦ ነበር፤ መስፈሪያው ግን በግልጽ አልታየም። «160 ምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

ሦስተኛ፣ አማራጩን ያሳይ፤ አማራጩም መደርደሪያ ላይ ያለ ይሁን። ያንን 29 በመቶ አትርሱት። «ይህን አትስጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ ፋርማሲው ውስጥ የሌለ ምትክ ቢጠቁም ሐኪሙን ከመንገድ አቁሞት እንደመሄድ ነው። የመድኃኒት ክምችት መዝገቡና የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ አንድ ቋንቋ ይናገሩ።

አራተኛ፣ መብራት ሲጠፋስ? በጅማና በዙሪያዋ ላሉ የቡና ከተሞች ይህ ቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚተካው ነገር፣ ለምሳሌ በጣም አደገኛ የሆኑ አሥራ ምናምን መድኃኒቶች መጠን በኪሎ የተጻፈበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ፣ የሥርዓቱ አካል ሆኖ አብሮ መነደፍ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገን ትጥቅ ሩጫው ሳይጀመር የሚታጠቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒት አሰጣጥ የሚመጣውንና ልንከላከለው የምንችለውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ እንቀንስ ብሎ ለአገሮች ጥሪ አቅርቦ ነበር። በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያስወጣል ብሎ የገመተው ችግር ነው። ያንን ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ ግን ዛሬ ከእናንተ እጅ ላይ አለ። ቤታችሁ ሕመምተኛ ካለ፣ የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን የመድኃኒት ስም፣ መጠን፣ የማይስማማቸውንም ነገር በአንድ ወረቀት ጻፉና ከመታወቂያቸው ጋር አኑሩት። ድንገት ሆስፒታል መሄድ ከመጣ የኪኒኑን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። የአጋሮው ገበሬያችን ኪሱ ውስጥ «ቴኦፊሊን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ቢኖረው፣ ሲፕሮውን የሚሰጠው ባለሙያ ግጭቱን ለማየት ኮምፒውተር እንኳ ላያስፈልገው ይችል ነበር።